ከግድቡ ግርጌ የፈለቀው ውኃ

ለንደን ስገባ ያስጠጉኝ ሴት የሚኖሩት ከፊንስበሪ ፓርክ ብዙ በማይርቅ፣ የከተማው አስተዳደር በሚያከራየው የካውንስል ኢስቴት፣ ምድር ላይ ባለ ፍላት ውስጥ ነበር። ሁላችንም እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። የእናቴ ዘመድ ናቸው ተብዬ ስልካቸውን ይዤ መጣሁ እንጂ፣ በኋላ ዝምድናውን ለመቁጠር ስንሞክር የሚገናኝ ሐረግ አጣን። እሳቸው ግን አልከፋቸውም። "ቆጥረን አጣነው ማለት እኮ ሥሩ ጠልቋል ማለት ነው" አሉና ሳቁ፤ ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሶፋቸው ላይ አደርኩ። ጠዋት የማድ ቤቱን መጋረጃ ስገልጥ ከመስኮቱ ፊት ለፊት አረንጓዴ ጉብታ ተጋድሟል። ሣሩ እኩል ታጭዷል። ዛፍ የለበትም፣ ቁጥቋጦም የለበትም። አናቱ በገመድ የተለካ ይመስል ቀጥ ያለ ነው፤ ከሥሩ የብረት አጥር ዞሮበታል። እኔ አገር ቤት ምሕንድስና ተምሬ፣ ከምረቃ በኋላ ጥቂት ዓመታት በትንንሽ የመስኖ ግድቦች ላይ ሠርቼ ነበር። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ተራራ እግዜር እንደማይሠራ አውቃለሁ።

"ምነው ፈዘዝሽ?" አሉኝ እትዬ፣ ሻይ እየቀዱ።

"ይሄ ተራራ አይደለም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ግድብ ነው። የአፈር ግድብ። ከወዲያ በኩል ውኃ አለ።"

እኔ የማውቀውን ነገር በባዕድ አገር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነው የተናገርኩት። እሳቸው ግን ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። ሻዩ ግማሽ ድረስ ብቻ ተቀድቷል። ለዓመታት እዚያ ቤት ሲኖሩ ጉብታውን እንደ መናፈሻ ኮረብታ ቆጥረውት፣ ጠዋት ጠዋት ወደ እሱ ዞረው ሲጸልዩ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። "ብዙ ነው?" አሉኝ። "ምኑ?" አልኳቸው። "ውኃው" አሉ። ከዚህ ሆኜ ማየት እንደማልችል ነገርኳቸው። ሻዩን ትተው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ መስኮት መጋረጃ ተዘግቶ ቀረ፤ ምክንያቱን አልጠየቅሁም። በሰው ቤት ያለ ሰው ብዙ አይጠይቅም።

የራሴን ክፍል አግኝቼ ስወጣ ካሌዶኒያን ሮድ ካፌ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ጎሕ ሳይቀድ ደግሞ የቢሮ ጽዳት ሺፍት ነበረኝ። ከዚያ ትምህርቴን እንደገና ጀመርኩ። የአገር ቤቱን ዲግሪ ማንም ባይቆጥርልኝም ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ቀርቶልኝ ስለነበር ከፈራሁት ይልቅ ቀለለኝ። በመጨረሻ የከተማውን ውኃ በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ፤ ከጊዜ በኋላም አሮጌ የአፈር ግድቦችን የመከታተል ሥራ ተሰጠኝ። ከእነሱ አንዱ ከእትዬ ቤት ጀርባ ያለው ነው። ይህን የነገርኳቸው ቀን እልል ይላሉ ብዬ ነበር። ግንባሬን ሳሙኝና "እንግዲህ አንቺ እሱን ስትጠብቂ፣ አንቺን እግዚአብሔር ይጠብቅሽ" አሉኝ። ድምፃቸው የምርቃት ሳይሆን የልመና ነበር።

የአፈር ግድብ ለሚያየው ሰው ምንም የማይሠራ ነገር ነው። የእኛው ግድብ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሰው ክንድና በፈረስ ጋሪ ነው የተገነባው። በመሐሉ ከአናቱ እስከ መሠረቱ ድረስ የተቦካ ሸክላ አፈር እንደ ግድግዳ ቆሟል። የዚያ ዘመን ሠራተኞች ጭቃውን በጫማቸው እየረገጡ፣ ስስ አድርገው እየደራረቡ ነው ያቆሙት። ውኃውን የሚይዘው ይኸው ግድግዳ ነው፤ በዚህና በዚያ የተከመረው አፈር እሱን ደግፎ ይይዛል። ሲሚንቶ የለው፣ ብረት የለው። የጭቃ ቤት ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ጭቃ እርጥበቱን እስከያዘ ድረስ ጠባቂ ነው፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል።

ሥራዬን የሚሰሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ "ያፈሳል እንዴ?" ይሉኛል። የማያፈስ የአፈር ግድብ የለም። ትንሽ ውኃ ምን ጊዜም ሾልኮ ያልፋል፤ ግርጌው ላይ በተቀበረ ቦይ ተሰብስቦ ይወጣል፤ እኛም እንለካዋለን። የሚያስጨንቀው ውኃው ይዞት የሚወጣው ነገር ነው። ጥርት ብሎ ከወጣ ውኃ ብቻ ነው። ከደፈረሰ ግን ግድቡን ከውስጥ እየቦረቦረ፣ አፈሩን በጥቂት በጥቂቱ ተሸክሞ እየወጣ ነው ማለት ነው። ከላይ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ወፎች ይለቅሙበታል፤ ውስጡ ግን እየጎደለ ነው።

እርጅናውም የራሱ ጠባይ አለው። አናቱ እንደ አሮጌ ፍራሽ ይሰረጉዳል። ቀበሮ ይምሰዋል። ችላ ከተባለ ዛፍ ይበቅልበትና ሥሩን ይሰድበታል፤ ዛፉ ሲሞት ሥሩ የነበረበት ቦታ ለውኃ መንገድ ይሆናል። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የተቀበረ የብረት ቧንቧ አለ፤ በክፉ ቀን ውኃውን ለማጉደል የተቀመጠ ነው። ውኃ ግን ከቧንቧው ውስጥ ይልቅ በቧንቧው ጎን መሄድ ይወዳል፤ አፈርና ብረት በደንብ አይዋደዱምና። ስለዚህ እያንዳንዱን ጉብኝት የምጀምረው ቧንቧው ከሚወጣበት ቦታ ነው።

አንድ ዓመት በጋው ለንደን ዝናብ የረሳችበት ነበር። የግድቡ ሣር እንደ ገለባ ቢጫ ሆነ፤ አናቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ። ስንጥቁን በሸክላ ሞላን፣ ክትትላችንንም አበዛን። መኸር ሲገባ ደግሞ ዝናቡ የቀረበትን ሊያካክስ ይመስል ያለማቋረጥ ወረደ፣ ማጠራቀሚያውም እስከ አፉ ሞላ።

አብሮኝ የሚሠራው እንግሊዛዊ ጡረታው የተቃረበ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። አንድ ጠዋት በግርጌው በኩል እየሄድን ሳለ ከቧንቧው መውጫ ትንሽ ከፍ ብሎ ቦት ጫማዬ ሰመጠ። ከሁለት ቀን በፊት እዚያው ላይ ቆሜ ነበር፤ መሬቱ ጠንካራ ነበር። ሁለታችንም ቆምን። ሣሩን በእጁ ገለጠው። የሲኒ አፍ የሚያህል ቀዳዳ ውስጥ ውኃ ይፍለቀለቃል፤ በዙሪያው ደቃቅ አፈር እንደ ጉንዳን ቤት ተከምሯል። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ጠርሙስ ሞልቼ ወደ ሰማይ አነሣሁት። ወተት የገባበት ቀጭን ሻይ ይመስላል።

"አሁኑኑ ደውዪ" አለኝ።

እጄ ደህና ነበር፤ ድምፄም ደህና ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከተቀመጥኩበት የኢስቴቱ መስኮቶች ሁሉ ይታያሉ። አንዲት ሴት በረንዳዋ ላይ ምንጣፍ ታራግፋለች። በምድር ቤቱ ካሉት መስኮቶች መሐል መጋረጃው የተዘጋውን ለማግኘት መፈለግ አላስፈለገኝም።

ዋናው መሐንዲስ ከቀትር በፊት ደረሱ። ቀዳዳውን ዞረው አዩ። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ መድፈን አይገባም፤ ከደፈኑት ውኃው ሌላ ቦታ ይፈነዳል። አሸዋና ጠጠር በየመጠኑ ደራርበን አለበስነው፤ ውኃው እንዲወጣ፣ አፈሩ ግን እንዲቀር ነው። ከዚያ ማጠራቀሚያውን ለማጉደል የአሮጌውን ቧንቧ ቫልቭ ለመክፈት ሞከርን። ግማሽ ድረስ ተከፍቶ እንቢ አለ። በየዓመቱ እየተሞከረ ሲሠራ የኖረ ቫልቭ ነው፤ በዚያን ቀን ግን ተጣበቀ። ፓምፖች ከያለበት ይምጡ ተባለ። እስኪመጡና ውኃው እስኪጎድል ድረስ ለግድቡ የሚቀርቡት ሕንፃዎች ነዋሪዎች ለጥቂት ቀናት እንዲወጡ ተወሰነ። አርችዌይ አካባቢ አንድ የስፖርት አዳራሽ ተዘጋጀ።

የካውንስል ሠራተኞች በር ለበር መዞር ሲጀምሩ "ሐበሾች ስላሉ አብረሽን ብትሄጂ" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ባይሉኝም እሄድ ነበር።

እትዬ ጠረጴዛቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቴሌቪዥኑ ስብከት ያሰማል። ቦት ጫማዬን አውልቄ ሳልጨርስ ፊቴን አዩት።

"ምን ሆነሻል?"

"እትዬ፣ ለጥቂት ቀን ከዚህ ቤት መውጣት አለብዎት። ሁሉም ሰው እየወጣ ነው።"

"ግድቡ ነው?"

"አዎ። ከግርጌው ውኃ ፈልቋል።"

ጣታቸው ምስሩ ላይ ቆመ። "ጥርት ያለ ነው? ወይስ ድፍርስ?"

ለነዋሪው እንድንናገር የተሰጠን ቃል "ለጥንቃቄ ያህል ነው" የሚል ነበር። ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ይህን ጥያቄ ግን ከመሥሪያ ቤቴ ውጪ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ የሚጠይቀኝም ሰው መልሱን ቀድሞ የሚያውቅ መሰለኝ።

"ድፍርስ ነው" አልኳቸው።

ተነሡ። ነጠላቸውን ደረቡ፣ መድኃኒታቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ምስሩን ግማሹ እንደተለቀመ ትተውት ወጡ። ፍጥነታቸው አስገረመኝ። ኮሪደሩ ላይ ግን ወደ መውጫው በመሄድ ፈንታ የጎረቤታቸውን በር አንኳኩ።

ጎረቤታቸው ሚስታቸው የሞተችባቸው እንግሊዛዊ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውና እትዬ ለረጅም ዓመታት ጎን ለጎን ኖረው፣ በቆሻሻ ቢን ተጣልተው፣ በገና ቸኮሌት ተለዋውጠው፣ እንደገና በቢን የሚጣሉ ሰዎች ነበሩ። በሩ ተከፈተ። የካውንስሉ ሠራተኛ ቀደም ብሎ እንደነገራቸውና እንቢ እንዳሉት ከፊታቸው ያስታውቃል።

"እዚሁ መንገድ ላይ ነው የተወለድኩት" አሉ ሽማግሌው። "አባቴ ውኃው በረዶ ሲሆን ይንሸራተትበት ነበር። ያ ግድብ እኔ ስሞትም እዚያው ይኖራል። የትም አልሄድም።"

ለማስረዳት ጀመርኩ። በዝግታና በትሕትና፣ ሥልጠናው እንደሚለው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ መሐል እትዬ በአጠገቤ አልፈው ወደ ውስጥ ገቡና በሩ አጠገብ ጫማ ማድረጊያ የሆነች ትንሽ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"አንተ ካልሄድክ እኔም አልሄድም" አሏቸው በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው።

"እትዬ፣ ይነሡ እባክዎ!" አልኩ በአማርኛ። "እሳቸውን ፖሊስ ያነጋግራቸዋል። እርስዎ ይውጡ።"

"ተይኝ።"

"እትዬ!"

"ተይኝ አልኩሽ። እህቴን ከሩቅ ነበር የጠራኋት። ከሩቅ የጠሩት ሰው አይመጣም።"

እህት እንደነበረቻቸው አላውቅም ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አንሥተዋት አያውቁም።  ሽማግሌው እኔን ሳይሆን የእትዬን እጅ ይመለከታሉ። በያዘው ቦርሳ ውስጥ ያሉት የመድኃኒት ብልቃጦች እርስ በርስ ሲጋጩ ይሰማል።

"አሟታል እንዴ?" አሉኝ።

"አይደለም። ፈርተው ነው።"

"ከፈራች ለምን አትሄድም?"

"እርስዎን እየጠበቁ ነው።"

ሽማግሌው እትዬን አዩ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡና ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው መጡ። ጋዙን ማጥፋታቸውን ሁለቴ ቼክ አደረጉ። ለእትዬ ክንዳቸውን ዘረጉላቸው፤ እትዬም ያዙት። ሁለቱ ተያይዘው ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ ከኋላቸው እየተከተልኩ፣ ዞሬ ጉብታውን እንዳላይ አንገቴን አደነደንኩ።

በማግስቱ ከሥራ ላይ ለአጭር ጊዜ ፈቃድ ተቀብዬ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ታጣፊ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ሕፃናት የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ይሯሯጣሉ። እትዬ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሳልጠይቃቸው ጀመሩልኝ።

በወጣትነታቸው ከመንደራቸው በላይ ባለው ሸለቆ ላይ ትንሽ የአፈር ግድብ ተሠርቶ ነበር። የሠራው የአካባቢው ሰው ነው፤ እሳቸውም እህታቸውም አፈር በእንቅብ ተሸክመዋል። በሁለተኛው ክረምት ከግድቡ ግርጌ ውኃ ፈለቀ።

"ምንጭ ወጣልን ብለን እልል አልን" አሉኝ። "ከዚያ በፊት ውኃ የምንቀዳው ቁልቁል ወርደን፣ ሩቅ ሄደን ነበር። እግዜር ደጃችን ድረስ አመጣልን አልን። ሴቱ ሁሉ እንስራውን ይዞ እዚያ ዋለ። እህቴ ልብሷን እዚያ ታጥባለች፣ ልጆች እዚያ ይታጠባሉ። መጀመሪያ ሲወጣ እንደ መስታወት ነበር። ኋላ ቀላ። እኛ ታዲያ ምን አደረግን መሰለሽ? በጋኖች ሞልተን አስቀመጥነው። እስኪጠል። ጭቃው ከሥር ሲዘቅጥ ከላይ ከላዩ እየቀዳን ጠጣነው። ግድቡን እኮ ነው የጠጣነው፣ ልጄ።"

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ከገበያ ሲመለሱ ከዳገቱ ላይ ሆነው እህታቸውን ምንጩ ዘንድ አዩዋት። ልብስ እያለቀለቀች ነበር። ከበላይዋ የግድቡ ሆድ እርጥብ ሆኖ ሲንሸራተት ታያቸው። ስሟን ጠሩ። እህታቸው ቀና ብላ አየች፣ እጇን አውለበለበች፣ ሰላምታ መስሏት። ከዚያ በኋላ ያለውን እትዬ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ከታች ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ እነሱም አልቀሩም። ከእህታቸው የተገኘ ነገር የለም። የሚቀበር ስለሌለ በወጉ አልተለቀሰላትም። ብዙ ሳይቆይ አገሩ ተረበሸ፣ ሰው ተበተነ፣ እሳቸውም ተሰደዱ።

"ለንደን ስመጣ ቢያንስ ከዚያ ውኃ ራቅሁ ብዬ ነበር" አሉ። "ሻይ እየቀዳሁልሽ ነገርሽኝ።"

"ቤት መቀየር ይችሉ ነበር እኮ። ካውንስሉን ልጠይቅልዎ እችል ነበር።"

"የት ልሂድ? ጎረቤቶቼስ? እኔ ወጥቼ እነሱ ሊቀሩ?" ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና "ደግሞ አንቺ መጠበቅ ጀመርሽ" አሉ።

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ይዤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ከባድ ነበረች።

ፓምፖቹ ቀን ከሌት ጮኹ። ውኃው በየዕለቱ ከግድቡ የውስጥ ጎን የድንጋይ ንጣፍ ላይ እየወረደ፣ ዳር ዳሩን የዝቃጭ ቀለበት እያስቀረ ጎደለ። ግርጌው ላይ ካለበስነው ጠጠር ስር የሚወጣውን ውኃ በየጊዜው ቀድተን ወደ ብርሃን እናነሣዋለን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለውጥ አልነበረውም። አንድ ጠዋት የሥራ ጓደኛዬ ጠርሙሱን አቀበለኝ፤ በውኃው ባሻገር የገዛ ጣቶቼን ጥርት ብለው አየኋቸው። ዞሬ አፍንጫዬን ተናፈጥኩ። እሱም ያላየ መሰለ።

ውኃው በቂ ያህል ከጎደለ በኋላ ቆፈርን። በቧንቧው ጎን፣ ሸክላው ብረቱን አቅፎ መያዝ በነበረበት ቦታ፣ ክንድ የሚያስገባ ባዶ ዋሻ ተገኘ። ግድግዳው በውኃ ተልሶ ለስልሷል። ወደ ውስጥ ብዙ ይሄዳል። ዋናው መሐንዲስ በባትሪ እያበሩ ለረጅም ጊዜ ተንበርክከው ቆዩና ሲነሡ "ትንሽ ነበር የቀረው" ብቻ አሉ። ያን ቀን ማንም ምሳ ላይ አልቀለደም።

ሰዉ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ጥገናው ግን ወራት ወሰደ። አሮጌው ቧንቧ በሲሚንቶ ተሞልቶ ተዘጋ፤ በሌላ በኩል አዲስ ማጉደያ ተሠራ፤ ግርጌው በሙሉ አሸዋና ጠጠር ለበሰ። ማጠራቀሚያው ገና ባዶ ሳለ እትዬ "ውስጡን አሳዪኝ" አሉኝ። ፈቃድ አስወጣሁላቸውና ቢጫ ሰደርያና የራስ ቁር አድርገው፣ ነጠላቸውን በላዩ ደርበው ወደ አናቱ ወጣን። የሚያርፉበት ቦታ እየፈለግን በዝግታ ነው የወጣነው። አናቱ ላይ ሲደርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወዲያ በኩል ያለውን አዩ፤ ሰፊ፣ ግራጫ፣ የተሰነጣጠቀ ጭቃ፤ መሐል ላይ ዝገት የበላው ብስክሌት፤ ሁለት ባለ ረጃጅም እግር ወፎች። ከኋላ ደግሞ የራሳቸውን ቤት ከላይ ሆነው አዩት።

"ዳነ?" አሉኝ።

"ግድብ አይድንም፣ እትዬ። ይጠበቃል እንጂ።"

"አንቺ ጡረታ ስትወጪስ?"

"ሌላ ሰው ይተካል።"

"የሚያውቅ ሰው?"

"የሚያውቅ ሰው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ነፋሱ ነጠላውን ያነሣዋል። ከዚያም ወደ ጭቃው እያዩ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው፣ "ተዝካሯን አወጣለሁ" አሉ።

የነፍስ አባታቸው ብዙ አላስቸገሯቸውም። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ይሆናል ወይ ብለው ሲጠይቋቸው "እግዚአብሔር ዘንድ ዘገየ የሚባል ነገር የለም" አሏቸው። ጸሎቱ የደረሰው ቅዳሜ ዕለት ነው፤ ተዝካሩ የተበላው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለች አዳራሽ ውስጥ። ሴቶቹ ተረዳድተው ድፎውን ደፉ፣ ወጡን ሠሩ። እህትየዋን የሚያውቃት ከእትዬ በስተቀር ማንም የለም፤ አዳራሹ ግን ሞልቶ ነበር። ትልልቅ ሴቶች ማን እንደሆነች ሳያውቁ አለቀሱላት። እትዬ አላለቀሱም። በሩ አጠገብ ቆመው የመጣውን ሁሉ አቀፉ።

ሽማግሌው ጎረቤታቸው ከረባት አስረው መጡ። ሲገቡ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የተደረደረውን ጫማ አይተው የራሳቸውን አወለቁ፤ አዳራሹ ውስጥ ጫማ እንደማይወለቅ ነግሬ መልሼ አስጠለቅኋቸው። አጠገቤ አስቀመጥኳቸውና ሳህን አመጣሁላቸው። እንጀራውን በሹካ ሊቆርሱ ሞከሩና ተዉት፤ በእጃቸው ጀመሩ። ጥቂት ከበሉ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ስሟ ማን ነበር?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከመሐሉ ያለችው ፊደል ላንቃን መርገጥ የምትፈልግ፣ በእንግሊዝኛ የሌለች ፊደል ናት። ሽማግሌው አልሆነላቸውም። ደገምኩላቸው። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ሌላ ስም ሆነ። ሰው ሲያያቸው ያፍራሉ ብዬ "ግድ የለም፣ ይተዉት" አልኳቸው። "አይ፣ አይ" አሉና ሹካውን አስቀምጠው፣ አፌን እያዩ፣ ልክ እንደ ተማሪ ቀስ ብለው ሞከሩ። በመጨረሻ ወጣላቸው። ጮክ ብሎ ነው የወጣላቸው፤ ጆሯቸው ስለደከመ የድምፃቸውን ልክ አያውቁትም።

እትዬ ከአዳራሹ ማዶ፣ ከአንዲት ሴት ጋር እየተነጋገሩ ነበር። ንግግራቸውን ከመሐል አቆሙና ዞሩ። ያንን ስም ከራሳቸው አፍ በቀር ከሰው አፍ ከሰሙ ስንት ዘመን እንደሆነ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ሽማግሌው መታየታቸውን አላወቁም፤ ወደ ሳህናቸው ተመልሰዋል። እትዬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ፤ ከዚያም የወጡን ድስት ከአንዷ እጅ ተቀብለው፣ በሰዉ መሐል እያለፉ፣ ሊጨምሩላቸው መጡ።